እናቴ ከመድረክ ሰማችው

ኒቆዲሞስን ያወቅኩት በስህተት ነው። ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው በኤረር በር አጠገብ የጡት ካንሰር ለያዛቸው ሴቶች እርዳታ የሚያሰባስቡ ወጣቶች ቆመው ነበር። እኔ ቲማቲም ገዝቼ ስመለስ አንድ ረጅም ልጅ የእርዳታ ሳጥን እጄ ላይ አስቀመጠና፣ «አንቺ እዚህ ጋ ቁሚ፣ ሰው በዚህ ነው የሚያልፈው» ብሎኝ ሄደ።

ምን እንደነካኝ እንጃ... ፀሐይዋ እስክትከር ቆምኩ።

ሲመለስ ፌስታሌን አየና ፊቱ ቀላ።

«ከማኅበሩ አይደለሽም እንዴ?»

«አይደለሁም። አስተማሪ ነኝ፣ አቦከር ትምህርት ቤት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ቁሚ አልከኛ...»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ብዙም ሳልቆይ የማኅበሩ አባል ሆንኩ፤ በዓመቱ ቀለበት አሰረልኝ። በጀጎል ጠባብ መንገዶች አብረን ስንሄድ ባለሱቁ ሁሉ በስሙ ይጠራዋል። ስለታመሙ ሴቶች ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ይህን ነው የወደድኩለት።

ከዚያ በሽታው ወደ እኔ መጣ።

አዲስ አበባ ላይ ኬሞ ከወሰድኩ በኋላ አንድ ጡቴን በቀዶ ሕክምና አጣሁ። ለእናቴ «ለረጅም ሥልጠና ነው የምሄደው» ብያት ነበር። እማዬ ልቧን ታማለች፤ አባቴንም ገና መቅበሯ ነበር።

ከአጠገቤ ላልተለየው ኒቆዲሞስ፣ «ሲሻለኝ ራሴ እነግራታለሁ» አልኩት። «እስከዚያ ካንተና ከሀቢባ በቀር ማንም እንዳይሰማ። በእመቤቴ ማልልኝ።»

«በእመቤቴ» አለ።

ሀቢባ ጀጎል ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ የማኅበራችን አባል ናት። ይህንኑ በሽታ ከእኔ በፊት አልፋዋለች።

ኒቆዲሞስ ኬሞው የመለጠውን ራሴን ስሞ በስልኩ ፎቶ አነሳኝ። «ይሄ የእኔ ብቻ ነው» አለኝ።

ባለፈው ጥቅምት ትልቁን የገቢ ማሰባሰቢያ አዘጋጀን። አዳራሹ ሞላ። ሻሽ አስሬ ከእናቴ ጎን ተቀመጥኩ። ሰው ግን ከማጨብጨብ አልፎ ገንዘብ አልሰጠም። ኒቆዲሞስ ማይኩን ያዘ።

«ስለ ሌላ ሰው የማወራ ይመስላችኋል» አለ። «የታመመችው እጮኛዬ ናት።»

ግድግዳው ላይ ፎቶዬ በራ። መላጣ ራሴ... ደረቴ ላይ የተጠቀለለው ፋሻ...

እናቴ ፎቶው ላይ መጀመሪያ አላወቀችኝም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እጇን ሰድዳ ሻሼን ቀስ ብላ ገለጠችው። ትንፋሽ አጠራትና ደግፌ አወጣኋት። ከኋላችን ሰው እያለቀሰ ይሰጥ ነበር።

ኒቆዲሞስ ተከትሎን ወጣ።

«አስቤበት አይደለም» አለኝ። «ሰው ዝም ሲል... ከአፌ አመለጠኝ።»

ላምነው ፈለግኩ። ደግሞም አመንኩት።

እናቴ ሻል ሲላት አልጋዋ አጠገብ ጠራችኝ።

«እኔ ምንሽ ነኝ?»

«እናቴ ነሽ...»

«ታዲያ ያለእኔ ታመሚ ያለሽ ማነው?»

እግሯ ላይ ተደፋሁ።

ሀቢባ እናቴን ልትጠይቅ መጣች። «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነዎት» አለቻት። ልትሄድ ስትል በር ላይ ያዘችኝ።

«ወይንሸት፣ መስማማትሽን ለምን አልነገርሽኝም?»

«በምኑ?»

«በፎቶው። ኒቆዲሞስ ከዝግጅቱ በፊት ባለው ቀን ሱቄ ተቀምጦ ነው ለአዳራሹ የምስል ባለሙያ የላከው። ፈቅዳለች አለኝ። ወላሂ፣ አምኜው ነው ዝም ያልኩት።»

ፎቶውን በላከበት ዕለት ምሳ የበላው እኛ ቤት ነበር። እናቴ በእጇ አጉርሳዋለች።

አስጠራሁት።

«ለእኔ አመለጠኝ፣ ለሀቢባ ደግሞ ፈቅዳለች አልክ። የቱ ነው እውነቱ?»

አንገቱን ደፋ። «ብጠይቅሽ እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እምቢ እልህ ነበር፣ ለእናቴ እስክነግራት። ከዚያ ማይኩን እኔው እይዘው ነበር።»

«ለእነዚያ ሴቶች ብዬ እኮ ነው... ስንቷ በዚያ ቀን ምክንያት ትታከማለች። ደግሞ እወድሻለሁ።»

«አውቃለሁ። እኔም እወድሃለሁ። ግን ምኔን ለማን እንደምታሳይ እየፈራሁ አብሬህ ልተኛ አልችልም።»

ቀለበቱን አውልቄ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

ሴቶቹ ለሕክምና ሄዱ፤ በዚያ ደስ ብሎኛል። እኔ ማኅበሩ ውስጥ ቀረሁ፣ እሱ ወጣ።

ለክትትል አዲስ አበባ ስሄድ እናቴ አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች። ኒቆዲሞስ መናኸሪያ መጥቶ በመስኮቱ በኩል ቆመ። ከስቷል።

«ይቅር በይኝ» አለኝ።

«ይቅር ብዬሃለሁ።» ከልቤ ነበር።

«ልጠብቅሽ?»

«አትጠብቀኝ።»

አውቶቡሱ ተነሳ። ከተማው ከኋላችን ቀረ። እናቴ ራሴን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ «በይ አሁን አልቅሺ» አለችኝ።

አለቀስኩ።