ምክንያቱ ያልተጻፈ ቁልፍ

በሆስፒታሉ ምድር ቤት ወዳለችው የኮምፒውተር ክፍል ሰው የሚወርደው አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው። ሥራው ሲሰምርማ ማን ያስታውሳታል! የክፍሉ ኃላፊ ግን በዚህ አይከፋም ነበር። ጸጉሩ የሸበተው እዚያው ነው። ሐኪሞቹ ፎቅ ላይ በስክሪን የሚያዩት ሁሉ በእሱ እጅ እንደሚያልፍ ያውቃል፤ ማወቁም ደስ ይለዋል። ባልደረቦቹ «ባለቁልፉ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል።

ስሙ የወጣለት በሥራው ነው። ሰርቨር የሚባሉት የሆስፒታሉ ዋና ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ሊኑክስ በተባለ ሥርዓት ሲሆን፣ በሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚጭነውና የሚያድሰው ፓኬጅ ማኔጀር የሚባል መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ «አድስ» ሲባል ያገኘውን ሁሉ ወደ አዲሱ ቨርዥን ይወስደዋል፤ ይሄ ይቅር፣ ያ ይሁን አይልም። አንዳንዱ ፕሮግራም ግን ባለበት መቆየት አለበት። ስለዚህ ባለቁልፉ ከፓኬጅ ማኔጀሩ ጋር ተቀጥሎ የሚሠራ ፕለጊን በገዛ እጁ ጻፈ። ፕለጊኑ የተፈለገውን ፕሮግራም ቨርዥን ይቆልፋል፤ የተቆለፈውን ማንም «አድስ» ቢለው ንቅንቅ አይልም። ጥሩ ሥራ ነበር፣ ሐቁን መካድ አይገባም። ጉድለቱ ምን እንደተቆለፈ እንጂ ለምን እንደተቆለፈ አለመናገሩ ነው።

አብራው የምትሠራው ወጣት ባለሙያ ይህ ነገር አልዋጥላት ብሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ስንቆልፍ ምክንያቱን የምንጽፍበት ቦታ ፕለጊኑ ላይ ብንጨምር ምናለበት? ነገ ሌላ ሰው ሲያየው…»

«ሌላ ሰው ማነው? እኔ የት ሄጄ?»

«ሰው ነዎት እኮ። ይታመማሉ፣ ዕረፍት ይወጣሉ።»

«ስትፈልጊ ጠይቂኝ። ሁሉም እዚህ ነው» አለና ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

ይህን ንግግር የማናውቀው ስንቶቻችን ነን? በየመሥሪያ ቤቱ የሚያውቀውን በሆዱ ይዞ «እሱ ከሌለ አይሆንም» የሚባልለት ሰው አለ፤ እኛም እናደንቀዋለን። ባለቁልፉ ክፉ ሰው አልነበረም። ተፈላጊነቱ እንዳይቀንስበት የሚፈራ ሰው ነበር፤ ፍርሃቱን ግን ለራሱም ነግሮት አያውቅም።

አንገቱ ላይ ያበጠው ነገር በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት ሲባል፣ ወጣቷ ደግማ ጠየቀችው። «ቢያንስ የላብራቶሪው ፕሮግራም ላይ ስላለው ቁልፍ ይንገሩኝ። ለምንድነው የተቆለፈው?»

«እስክመለስ ምንም አትንኪ። በቃ» አላትና ልብሱን ይዞ ወደ ሕሙማን ክፍል ወጣ።

እዚያ ጎረቤት አልጋ ላይ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ተኝተው ነበር። ኩላሊታቸው በመድከሙ በደማቸው ውስጥ ያለው ፖታስየም ድንገት ከፍ እያለ ልባቸውን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ በየጠዋቱ ደማቸው ይመረመራል፤ መድኃኒትም የሚታዘዝላቸው ውጤቱ ታይቶ ነው። እሳቸው ግን ከበሽታቸው ይልቅ የሚያወጉት ሰው ማጣት የሚያስጨንቃቸው ዓይነት ነበሩ። ባለቁልፉ ስለ ፕለጊኑ ሲያጫውታቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዳመጡት።

«ጎበዝ! ለመሆኑ ለምን እንደቆለፍከው የት ጻፍከው?»

«አልጻፍኩትም፣ መምህር። በጭንቅላቴ ነው የያዝኩት።»

መምህሩ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንዳንተ ያለ ተማሪ ብዙ ነበረኝ። መልሱን ያገኝና አሠራሩን አያሳይም። ግማሽ ነጥብ ነበር የምሰጠው!»

«መልሱ ልክ ከሆነስ?»

«ልክ ቢሆንም። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ከእሱ ምን ይማራል?»

ባለቁልፉ አብሮ ሳቀ። ነገሩን እንደ ቀልድ ወስዶት በማግስቱ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ።

እሱ በማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ ምድር ቤት ነገር ተበላሸ። ሰርቨሮቹ ለሰርጎ ገቦች የተጋለጡ ስለሆኑ ሁሉም ባስቸኳይ ይታደስ የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ወጣቷን «ምክንያቱ ላልታወቀ ቁልፍ ብለን ሆስፒታሉን ክፍት ልንተወው ነው?» ብሎ አፋጠጣት። ወደ ባለቁልፉ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። የላብራቶሪውንም ፕሮግራም ቁልፍ ከፍታ ሁሉንም አደሰች። ስክሪኑ ላይ ምንም ስሕተት አልታየም።

ያ የተከፈተው ፕሮግራም የደም ምርመራ ውጤትን ከላብራቶሪው አሮጌ ማሽን ወደ ሕሙማን ክፍሎች የሚያደርስ ነበር። አዲሱ ቨርዥን የአሮጌውን ማሽን አሠራር አያውቅም። ውጤቱን ይቀበልና ድምፅ ሳያሰማ ይጥለዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው በሆስፒታሉ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በማግስቱ ጠዋት አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ትንፍሽ እንዳይል ታዞ ተኝቷል።

ሐኪሙና ነርሷ ከመምህሩ አልጋ አጠገብ ሲነጋገሩ ሰማ።

«ውጤታቸው እስካሁን አልመጣም?»

«ላብራቶሪ ደውዬ ነበር፣ ልከናል ይላሉ። እኛ ጋ ግን የውሃ ሽታ ሆኗል። ትናንት ኮምፒውተሮቹን ሲያድሱ ነበር አሉ።»

«እስቲ ትንሽ እንጠብቅ» አለ ሐኪሙ፣ ወደ ሌላው አልጋ እያለፈ።

ባለቁልፉ የላብራቶሪው ፕሮግራም ቁልፍ እንደተከፈተ ገባው። ከትራሱ ቀና ብሎ እጁን ዘረጋና በአየር ላይ ቁልፍ እንደሚያዞር ሰው ጣቶቹን ጠመዘዘ። ነርሷ ሮጣ መጣች።

«ምነው ጋሼ? ቁስሉን ይጠዘጥዝዎታል?»

«አይደለም» ለማለት ራሱን በኃይል ነቀነቀ። አሁንም ቁልፍ አዞረ፤ ወደ መምህሩ ጠቆመ፤ ሊናገር አፉን ከፈተ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ፋሻው ላይ ደም ብቅ ሲል ነርሷ ደነገጠች። «ኧረ እንዳይናገሩ ተብሏል እኮ! ሕመሙ ጠንቶብዎት ነው፣ አሁን አስታግስልዎታለሁ» ብላ መርፌውን በጉሉኮሱ ቱቦ ሰጠችው። በኪሷ የሰካችውን እስክሪብቶ ሊይዝ እጁን ሰደደ። እሷ ግን እጁን በሁለት እጇ ይዛ ታባብለው ጀመር።

«ምን ሆንክ ልጄ? አይዞህ፣ ያልፋል» አሉት መምህሩ ከአልጋቸው። ዓይኑ እየተከደነ ያየው የእሳቸውን ፊት ነው።

ሲነቃ ጎረቤት አልጋ አዲስ አንሶላ ተነጥፎበታል። ጠረጴዛው ላይ የመምህሩ መነጽር ቀርቷል። ባለቁልፉ የሆነውን ለመረዳት ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

ጥፋቱን የሚያጣራው ስብሰባ በተጠራበት ቀን ፋሻው ገና አልተፈታም ነበር። የመምህሩ ልጅ ጥቁር ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ወጣቷ ባለሙያ አቀርቅራ ታለቅሳለች። ሥራ አስኪያጁ «ቁልፉን የከፈተው ማነው?» እያለ ይጠይቃል፤ ያስከፈተው ራሱ እንደሆነ ግን አይናገርም። ባለቁልፉ ተነሣ። ድምፁ ሻካራ ነበር።

«የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደቆለፍኩት ደጋግማ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። አልነገርኳትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የመምህሩ ልጅ ቀና ብላ አየችው። «ለምን አልጻፉትም?»

ሰበብ መደርደር ይችል ነበር፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው ቢል ማን ይሞግተዋል? እሱ ግን እውነቱን አወጣው።

«ሰው ሁሉ እንዲፈልገኝ ነበር።»

«አባቴም እኮ ያን ጠዋት ፈልጎዎት ነበር» አለችው።

ባለቁልፉ ወደ ሥራው ሲመለስ መጀመሪያ የነካው ያንን ፕለጊን ነው። ከወጣቷ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው አሻሻሉት። አሁን ምክንያት ያልተጻፈለትን ቁልፍ አይቆልፍም፤ «ለምን?» ብሎ ይጠይቅና መልስ ይጠብቃል።

እኛስ? በየሙያችን ቆልፈን የያዝነው ስንት ነገር አለ? እውቀትን ለራስ ብቻ ማስቀረት ብልኅነት የሚመስለን፣ የሚጎዳው ሰው ፊት ለፊታችን ስለማይቆም ነው። ለሚተካን ሰው ምክንያቱን መንገር ውለታ ሳይሆን የሥራው ግማሽ ነው።

ባለቁልፉ ወደ አሮጌው ቨርዥን ለተመለሰው የላብራቶሪ ፕሮግራም ቁልፍ መጀመሪያ የጻፈውን ምክንያት ወጣቷ አንብባ «ይሄ ለእርስዎ እንጂ ነገሩን ለማያውቅ ሰው አይገባም» አለችው። አልተቆጣም፤ አጥፍቶ እንደገና ጻፈ፦ «ይህ ፕሮግራም ከላብራቶሪው አሮጌ ማሽን የምርመራ ውጤት ያመጣል። አዲሱ ቨርዥን ውጤቱን ድምፅ ሳያሰማ ይጥለዋል። ማሽኑ ሳይቀየር እንዳትከፍተው። ፎቅ ላይ ውጤቱን የሚጠብቅ ሰው ተኝቷል።»

«አሁን ገባኝ» አለች።

ባለቁልፉ ራሱን ነቀነቀ። ሙሉ ነጥብ የሚሰጡት መምህር ግን አልነበሩም።