አስር ሰዓት፣ በማን?

አውቶቡሱ ተንገጫግጮ ቆመ። ሹፌሩ ወረደና ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቁልቁል አየ። መንገዱ የለም። የሰሞኑ ዝናብ የተራራውን ጎን ንዶት አስፋልቱ ገደል ገብቷል።

«በቃ፣ የኔ እዚህ ላይ አበቃ» አለ ተመልሶ። «ተመላሽ ይሳፈር!»

ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ሁለት ልጃገረዶች ብቻ ቦርሳቸውን ይዘው መንገዱ ዳር ቀሩ። ከአንድ አገር ወደዚህ ሰው አገር ለትምህርት የመጡ፣ በዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት አንድ ክፍል የሚጋሩ ናቸው። አንደኛዋን ሁሉም «ወፍጮ» ይላታል፤ አንዴ ከተነሳች አትቆምም። ሁለተኛዋን «ዝምታ» ያለቻት ራሷ ወፍጮ ናት። ዝምታ ሱቅ ገብታ የፈለገችውን ዕቃ መጠየቅ አፍራ፣ አጠገቡ ያለውን ገዝታ የምትወጣ ልጅ ነበረች።

ጉዞው የዝምታ ነው። በማግስቱ ከተራራው ማዶ ባለው ሸለቆ የውሃ ቀን ይከበራል። በዓመት አንድ ጊዜ የግድቡ በር ይከፈትና ደርቆ የከረመው ወንዝ ወደ እርሻዎቹ ይለቀቃል። በሩ ሲከፈት አንዲት አሮጊት አለት ላይ ቆመው ውሃውን በድምፃቸው ይጠሩታል። የዝምታ የመመረቂያ ጥናት ያ ጥሪ ነው። እስካሁን የቀዳው ሰው የለም፤ አሮጊቷም ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው ብለዋል። አምና ዝምታ ሸለቆው ውስጥ እስካለችው ከተማ መናኸሪያ ድረስ ሄዳ፣ ማንን ልጠይቅ ብላ አፍራ፣ በመጣችበት አውቶቡስ ተመልሳለች። አስተማሪዋ ያን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዘንድሮም ባዶሽን ከመጣሽ ሌላ ርዕስ ትፈልጊያለሽ» አሏት። «ሌላ ርዕስ ማለት ሌላ ሁለት ዓመት ነው።»

ሁለት ዓመት! አባቷ በደወሉ ቁጥር ከሰላምታ በፊት «መቼ ነው?» ነው የሚሉት።

ከአውቶቡሱ ኋላ አንድ ፒካፕ ቆመና ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ ባለካሜራውና ባለማይኩ። ያንኑ በዓል ለቴሌቪዥን ሊቀርፁ የሚሄዱ ናቸው። ከቁልቁለቱ ሁለት በቅሎ የሚነዳ ጎልማሳ ብቅ ሲል ባለካሜራው ቀድሞ ሮጠ።

«ሁለቱንም በቅሎ ይዘናል» አለ ወደ ልጆቹ ዞሮ። «ይሄ ለደብተር ተሸካሚ የሚሆን መንገድ አይደለም፤ ተመለሱ።»

«እኛ ደግሞ የምንሄደው በእግራችን ነው» አለች ወፍጮ። «እሱንም ቀድመህ ይዘኸው እንዳይሆን?»

በቅሎ ነጂው ሳቀ። «እግር ያለው ይከተለኝ» አለና ሽቅብ ጀመረ።

ከቀትር በኋላ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ተዘጋ። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፤ ልብሳቸውን እየገፈፈ፣ አሸዋ እየበተነ። ቀጥሎ በረዶ ወረደ። ጠጠሩ ሌጣ ድንጋዩ ላይ እየነጠረ ፊታቸውን ገረፈው። መንገዱ አንድ ክንድ የማይሞላ፣ በግራው ጭጋግ ብቻ የሚታይበት ጠርዝ ነበር። ዝምታን አዳለጣት። በጉልበቷ ወደቀች፤ ተንሸራተተች፤ የኋለኛዋን በቅሎ ጭራ ያዘች። በቅሎዋ አልተራገጠችም። ጆሮዋን ቀስራ፣ እየጎተተቻት መንገዷን ቀጠለች።

«አመስግኛት እንጂ!» ጮኸች ወፍጮ ከኋላ።

ዝምታ አመሰገነቻት። ማንም አልሰማም።

ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ የድንጋይ ጎጆ ደረሱ። ነጂው እሳት እያነደደ የዝምታን የእጅ ሰዓት አየና ቅንድቡን አነሳ። ሰዓቱን አባቷ ሲሸኟት ከእጃቸው ፈትተው ነበር የሰጧት። እሷም እንደ ቤቷ አቆጣጠር እንጂ እንደ ሰው አገር ሞልታው አታውቅም።

«ተበላሽቷል፤ አስራ ሁለት ይላል» አላት።

«አልተበላሸም፣ ጋሼ» አለች ዝምታ በቀስታ። «እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ነው። ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ነው። ስትጠልቅ አስራ ሁለት።»

ነጂው ጭኑን መታ። «እናንተ ናችሁ ትክክል! ሰው ተኝቶ ሳለ ቀን የሚጀምረው ምን ሊሆን ነው?»

ጨዋታው ጣመው። ጠዋት ሲቀሰቅሳቸው «አስራ ሁለት ሰዓት፣ በናንተ!» አለ። በቅሎዎቹን ሲጭን «አንድ ሰዓት፣ በናንተ!» አለ። ባለካሜራው «ምን ነካው?» እያለ ራሱን ነቀነቀ።

ሸለቆው ከሚታይበት ወገብ ሲደርሱ መንገዱ ለበቅሎ የማይሆን ቁልቁለት ሆነ። ሁለቱ ሰዎች ዕቃቸውን ተሸክመው፣ ደህና ሁኑ እንኳ ሳይሉ ወረዱ። ነጂው ከታች እንደ ነጭ መቀነት የተዘረጋውን ደረቅ ወንዝ በአለንጋው አመለከተ።

«ውሃው አስር ላይ ይለቀቃል። ከዚያ በፊት ተሻገሩ፤ እሱ ላይ ቀልድ የለም» አለ። በቅሎዎቹን አዞረና እያፏጨ በመጣበት ተመለሰ።

ዝምታ ሰዓቷን አየች። ሁለት ሰዓት።

«አስር ሰዓት በኛ ነው በነሱ?» አለች።

«በኛ ነዋ! ሰውየው ከነጋ ጀምሮ በማን ሲቆጥር ነበር? ገና ስምንት ሰዓት አለን። እንደ ንግሥት እየተንጎማለልን ነው የምንወርደው።»

«በነሱ ከሆነ ግን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያለን።»

«በይ ጠይቂው።»

ዝምታ ዞረች። ነጂው ሩቅ አልሄደም፤ አንድ ጩኸት ይበቃው ነበር። «ጋሼ!» ማለት ብቻ። አፏን ከፈተች። በሰው ቋንቋ የምትሳሳታት ቃል ከተራራ ተራራ ስታስተጋባ ታሰባትና አፏን መልሳ ገጠመች። ነጂው ጥምዝ ላይ ተሰወረ።

«ይሁን» አለች። ልቧ ግን አልረጋም። ወፍጮ አረፍ እንበል ስትል እሷ ትነሳለች፤ ትሄዳለች፤ ሰዓቷን ታያለች።

እግራቸው ሲላጥ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን አንዲት ምንጭ ውስጥ ነከሩ። ወፍጮ ፀጉሯን ሳይቀር ታጠበች። ጫማቸውን አስረው ሲነሱ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸና አምስት ግልገል ከርከሮዎች ጭራቸውን ቀጥ አድርገው መንገዱን አቋረጡ።

«ውይ፣ ሲያምሩ!» አለች ወፍጮ።

እናታቸው ተከትላ ወጣች። አንዴ አፏን አንኳኳች፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ተወረወረች። ዝምታ ጓደኛዋን በቦርሳዋ ማንገቻ ጎትታ ወደ አንድ ዘማማ ዛፍ ገፋቻት። ወጡ። ከርከሮዋ ግንዱን በክራንቻዋ መትታ ዞረች፤ እንደገና መታች። የዛፉ ቅርፊት ተላጠ። በመጨረሻ መሬቱን ጫረች፤ አጉረመረመች፤ ልጆቿን ይዛ ሄደች።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች ወፍጮ ቅርንጫፉን እንዳቀፈች።

«ሦስት ተኩል።»

«ገና ነው እኮ። እዚሁ ልደር።»

ዝምታ ግን ወርዳ መንገድ ጀምራ ነበር።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ማዶው በሰው ተሞልቷል። ባለቀለም ጨርቅ እንጨት ላይ ይውለበለባል፤ ከበሮ ይመታል። ወንዙ ሦስት መቶ እርምጃ ይሰፋል፤ ሁሉም ድቡልቡል ድንጋይ ነው። ወደ ታች፣ ከመሃሉ አለፍ ብሎ፣ ባለካሜራው ካሜራውን ተክሏል። ባለማይኩ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ረጅም ማይኩን ወደ ማዶ ቀስሯል። ውሃው ከግድቡ እዚህ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል ብለው፣ የመጀመሪያውን ማዕበል ከፊት ለፊት ሊቀርፁት ነው።

«አየሽ፣ እነሱም አልቸኮሉም» አለች ወፍጮ።

ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ መሃሉን ሲያልፉ ከላይ፣ ከግድቡ በኩል፣ አንድ ረጅም ድምፅ እንደ መለከት ጮኸ።

«በዓሉ ተጀመረ!» ወፍጮ ድንጋይ ላይ ቆማ ትከሻዋን ነቀነቀች። ማዶ ያሉ ሰዎች እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እሷም አወዛወዘችላቸው።

ከዚያ ጥሪው መጣ። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ከአለቱ ላይ ተነስቶ የሸለቆውን ግድግዳ ይዞ የሚወጣ፤ ቃል የሌለው፤ የሚለምን፣ የሚቆጣ። ዝምታ መቅጃዋን አወጣች። ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርሶ ቆመ።

ጥሪው የሚጠራው የግድቡ በር ሲከፈት ብቻ ነው። ራሷ በጥናቷ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፋዋለች።

ሰዓቷን አየች። አራት። አራት ሰዓት በነሱ አስር ነው።

«በነሱ ነው!» አለች። ወፍጮ ትከሻዋን መነቅነቅ አልተወችም። ሹክሹክታ ነበር። ወደ ታች አየች። ባለማይኩ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ባለካሜራው ሌንሱን ይወለውላል። እግሯ ስር ያለው ጠጠር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ዝምታ ጮኸች።

«ውጡ! ውሃው መጣ! ኧረ ውጡ!»

በሰው ቋንቋ አልነበረም። በናቷ ቋንቋ ነበር የጮኸችው፤ ሃያ ሦስት ዓመት የታቆረ ድምፅ፣ ሳይመረጥ፣ ሳይታረም። ባለማይኩ ጆሮው የተቃጠለ ያህል ማዳመጫውን ወርውሮ ብድግ አለ። ቋንቋውን አያውቅም፤ ጩኸቱ ምን እንደሚል ግን ገባው። የጓደኛውን ክንድ ያዘና ሮጠ።

ወፍጮም ሮጠች፤ ዳሩ ጋ ልትደርስ ስትል እግሯ በሁለት ድንጋዮች መካከል ተቀረቀረ። ዝምታ ተመለሰች። ለመንበርከክ መቅጃውን ጣለችው፤ የጫማውን ማሰሪያ በጥርሷ በጠሰችው። ጫማው ቀረ፤ እግሩ ወጣ። ከላይ ግንድና አረፋ እየገፋ ቡናማ ግድግዳ ታጥፎ መጣ። የጠበቀው ሁሉ ተሳስቷል፤ የሰሞኑ ዝናብ ግድቡን እስከ አፉ ሞልቶት ነበር። ዳሩ ላይ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወርደዋል። የመጨረሻው እጅ የወፍጮን አንገትጌ አገኘ። ውሃው የዝምታን ወገብ ሲመታት ወፍጮ የጓደኛዋን እጅ በጥርሷ የነከሰችው ያህል አጥብቃ ይዛው ነበር።

ተጎትተው ወጥተው ዳሩ ላይ ካለው ጠጠር ተዘረጉ። ወንዙ አልፏቸው እያገሳ ወደ እርሻዎቹ ሄደ። ሰው ሁሉ በደስታ ይጮሃል። መቅጃው የለም። ዝምታ ባዶ መዳፏን አየች። ዓመቷ በዚያ ውሃ ሄዷል።

ጥሪውን የጠሩት አሮጊት በምርኩዛቸው መጡ። «ያ ድምፅ የማናችሁ ነው?» አሉ።

ወፍጮ ለመጀመሪያ ጊዜ ንግግር አጥሯት በጣቷ አመለከተች።

«አርባ ዓመት ጠራሁት» አሉ አሮጊቷ የዝምታን ጉንጭ ይዘው። «እንዲህ እየሮጠ የመጣበትን ቀን አላውቅም። ለካ ረዳት ነበር የሚያስፈልገኝ!»

ባለማይኩ ካጠገባቸው ተንበረከከ። ባለካሜራው ከኋላው ቆሟል፤ ካሜራውን ውሃ ወስዶበታል። የድምፅ መቅጃው ግን ወገቡ ላይ እንደታሰረ ነው። ሌላ ማዳመጫ ከቦርሳው አውጥቶ ዝምታ ጆሮ ላይ አደረገላት። ጥሪው እዚያ ነበር፤ ከመጀመሪያዋ ትንፋሽ ጀምሮ። መሃሉ ላይ ሌላ ድምፅ ሰነጠቀው። የማን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ፈጀባት።

«ውሰጂው፣ ያንቺ ነው» አላት። «ጩኸቱን ልቆርጥልሽ እችላለሁ። ሳይታወቅ።»

ዝምታ አሰበች። ግን አንድ ጊዜ ብቻ።

«ተወው» አለች። «እንደሆነው ይሁን።»

ከቀትር በኋላ መናኸሪያው በበዓሉ ተመላሾች ተጨናንቋል። አምና አፍራ የተመለሰችበት መናኸሪያ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ቀጣዩ አምስት ሰዓት ላይ ይነሳል!» አለና ፊቱን አዞረ።

«ወንድም!» አለች ዝምታ። ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። ረዳቱም ዞረ። ጉንጯ ጋለ፤ ዓይኗን ግን አልሰበረችም።

«አምስት ሰዓት ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው፣ ልትጠልቅ ስትል?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። በአንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው ጨርቅ የጠመጠመችው ወፍጮ ግን አልሳቀችም።

«መልስላት እንጂ» አለችው ረዳቱን። «ድጋሚ ከጮኸች ማን እንደሚመጣ አታውቅም።»