ግድግዳው ሦስቴ ሲንኳኳ

ይሄን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፤ እናቴም አላመነችኝም። ግን በዓይኔ ያየሁት ነው። ደግሞ በሌሊት እንዳይመስላችሁ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ ጣራውን እየጠበሰችው ነው የሆነው።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ነበረች። መቀስ ከእጇ ስለማይጠፋ እትዬ መቀስ ነው የምንላት። የእሷን ክፍልና የእኛን መኝታ የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው።

ልብስ ለልክ ሲደርስ ግድግዳውን በመቀሷ ሦስቴ ትመታለች።

ኳ... ኳ... ኳ።

"ታላቋ ትምጣ" ማለት ነው። ታላቋ እህቴ ናት።

ለእሷ ከትርፍ ጨርቅ ቀሚስ ትሰፋላታለች፣ ያውም በነፃ። እኔ ስጠይቃት "አንቺ ገና ታድጊያለሽ፣ ጨርቅ ማባከን ነው" ትለኛለች። እህቴ አዲስ ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ስትሽከረከር፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ያጠረውን አሮጌ ቀሚሴን ወደ ታች እጎትታለሁ። ሲንኳኳ ቀድሜ ከተነሳሁ ደግሞ እማዬ "ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት" ብላ ታስቅብኛለች።

ከዚያ እትዬ መቀስ ሞተች።

ዘመድ የሚባል አልነበራትም። ቁልፏ እማዬ ጋ ስለነበር ክፍሉን ባዶ አድርጎ ማስረከብ እኛ ላይ ወደቀ። አከራዩ እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጠን። ስፌት መኪናዋን እማዬ ከእትዬ መቀስ ስፌት ትማር ለነበረች ልጅ ሰጠች። የሰው ልብስ ለባለቤቱ ማድረስ የኔ ሥራ ሆነ። እያንዳንዱ ልብስ ላይ የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት በስፒል ተሰክቷል። ወረቀቱ የጠራው ሰው ይወስዳል፣ አለቀ።

በመጨረሻ ምስማሩ ላይ አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ቀረ።

"ለታላቋ። ልክ ይቀረዋል።"

ሞታም ለእሷ...

ወረቀቱን ነቅዬ አኘክሁና ዋጥኩት። አትሳቁ። በሌላ ወረቀት "ለታናሿ" ብዬ ጽፌ ሰካሁበት። ወለሉን ጠረግኩ፣ እህቴ እንዳታየው ቀሚሱን እዚያው ትቼ በሩን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማዬ ሥራ ናት። እህቴ ፀጉሯን ታበጥራለች።

ኳ... ኳ... ኳ።

"መጣሁ እትዬ" አለች እህቴ፣ በልማድ።

ከዚያ ማበጠሪያው ፀጉሯ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ።

"ሰማሽ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ሰማሁ።"

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

"እኔ ጋ።"

"እንዳትሄጂ።"

"ለኔ ነው" አልኳት።

እውነቱን ልንገራችሁ? መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ፍርሃቱ ኋላ ነው የደረሰው።

ከፈትኩ። ማንም የለም። ትናንት የጠረግኩት ወለል ላይ ግን ቁርጥራጭ ክር ወድቋል... ሰማያዊ። ቀሚሱም አጥሯል። እጅጌው በኔ ክንድ ልክ ተቆርጧል።

ላወርደው እጄን ስዘረጋ፣ ከኋላ፣ ወገቤ ላይ፣ ዩኒፎርሜን በሁለት ጣት ያዝ... ለቀቅ። እሷ ልክ ስትወስድ እንደምታደርገው።

ያወጣኝ እግሬ ነው።

እህቴ ጀርባዬን አዞራ አየችው። ወገቤ ላይ የጠመኔ መስመር አለ።

ትደነግጣለች ብዬ ነበር። ፊቷን ሳየው ግን... አወቅኩት። ስንት ዓመት የኔ የነበረ ፊት ነው።

"ለምን አንቺን? እኔን እኮ ነው የምትጠራው።"

"ወረቀቱን ቀይሬው ነው።"

"አሃ" አለች። ማበጠሪያውን ከፀጉሯ ነቀለች።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኪሴን ስዳብስ ቁልፉ የለም። እህቴም የለችም። ከግድግዳው ወዲያ ግን ድምጿ ይሰማል።

"እዚህ ጋ ጠበብ አድርጊልኝ እትዬ... ትንሽ... እንዲያ።"

ሮጥኩ። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ በውጭ በኩል ተሰክቶ ቀርቷል።

ከፈትኩ። ባዶ ክፍል። እኔ የጻፍኩት ወረቀት ተጨማዶ ወለሉ ላይ ወድቋል።

ቤት ስመለስ እህቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ።

"አማረብኝ?"

አምሮባታል። የተቆረጠው እጅጌ ተመልሶ ረዝሟል። ልኳ ነው... ከልክ በላይ ልኳ ነው። ዚፕ የለውም። ከፊትም ከኋላም የሚከፈት ነገር የለውም። አንገቱ ቆዳዋ ላይ ተለጥፏል። ጭንቅላቷ በየት እንደገባ እንጃ።

"አውልቂው" አልኳት።

"ገና አላለቀም" አለችኝ።

ይኸው ሦስተኛ ቀኗ፣ አላወለቀችውም። እማዬ "ያምራል" ብላ አለፈች። ያንን ክፍል አከራዩ ቆልፎ ቁልፉን ወስዷል።

እኔ አሁን ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ። "ለታናሿ" የሚል አዲስ ወረቀት ጽፌያለሁ፣ ስፒሉም እጄ ላይ ነው። መጻፍ ስጀምር ላድናት ብዬ ነበር። እንዲህ አምሮባት ሳያት ግን... እንጃ።

ከቀሚሱ ጠርዝ አንድ ሰማያዊ ክር ወርዶ፣ ወለሉን አቋርጦ፣ በበሩ ሥር ወደዚያ ክፍል ወጥቷል።

ተወጥሯል።

አልፎ አልፎም... ሳብ ይላል።