ያልገጠመው ስንጥቅ

በጫሞ ሐይቅ ዳር ጀልባዎች ቁስላቸውን ራሳቸው መጠገን ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏል። ፋይበርግላሳቸው የተነከረበት ሕያው ሙጫ፣ ማለትም በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት የሚኖሩበት ሙጫ፣ ስኳር ውሃ ከጠጣ ማንኛውንም ስንጥቅ በአንድ አዳር ይገጥማል። ስለዚህ የጥገና ባለሙያዋ አሰለፈች ኦይቻ የሽማግሌው ነጂ የጋሽ ሳርካ ጀልባ ለአራተኛ ጊዜ በዚያው ስንጥቅ ስትመጣ ነገሩ አላማራትም።

ስንጥቁ ሞተሩ በሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ላይ ነበር፤ ከአንዱ ብሎን ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። ጀልባዋ ዶክተር ሶፋኒትን ማዶ ወዳሉት መንደሮች የምታመላልስ ናት፤ በማግስቱም ሁለት ነፍሰ ጡሮች ቀጠሮ አላቸው። ግድግዳው ሐይቁ መሃል ከተገነጠለ ሞተሩ ይሰምጣል፣ ጀልባዋም ትከተለዋለች።

መመሪያው ሦስት ጊዜ ያልገጠመ ሙጫ ታሟልና ተፍቆ ይጣል ይላል። ጋሽ ሳርካም አዲስ ቀብታበት ቶሎ እንድትሸኛቸው ለመኗት። አሰለፈች ግን መፋቂያውን ከማንሳቷ በፊት ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አደረገችው። ጠርዙ ላይ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጣት፤ ስንጥቁ አጠገብ ስትደርስ ድምፁ ታፈነ።

የውስጥ ሽፋኑን በመጋዝ ቆርጣ አነሳችው። መሃል ያለው ጣውላ ጠቁሯል፤ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ውሃ በብሎኑ ቀዳዳ ሰርጎ አበስብሶታል። ከዚያ ሙጫውን በማጉያ መነጽር አየችው። ፍጥረታቱ በሕይወት አሉ፤ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ክፍት አድርገው ይዘውታል፣ የውስጡ ውሃም በዚያ ይንጠባጠባል።

«ጋሽ ሳርካ፣ ሙጫው አልታመመም» አለቻቸው። «አውቆ ነው ያልዘጋው። ይህን ደግሞ ማንም አላስተማረውም።»

ሽማግሌው፣ ሞተሩ መወዛወዝ የጀመረው ከክረምት በፊት እንደሆነ ነገሯት። ጀልባዋ ለረጅም ጥገና ከተያዘች መሥመሩ ለወጣት ነጂ ይሰጥብኛል ብለው ፈርተው ደብቀውት ነበር።

«እኔ ዝጋ ስለው እሱ እምቢ ይለኛል» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «እልኸኛ መስሎኝ ነበር።»

አሰለፈች አልወቀሰቻቸውም። ብስባሹን አብረው ጠርገው አወጡ፣ ክፍተቱን በሙቅ አየር አደረቁ። አዲስ ጣውላ በልክ ቆርጣ አስገባች፤ የብሎኖቹን ቀዳዳዎች ዙሪያ ውሃ እንዳያልፍባቸው በሙጫ ለበጠች። እሳቸው የፋይበርግላሱን ጨርቅ ሲወጥሩ እሷ ሙጫ እየቀባች አምስት ንብርብር ደረበች። በመጨረሻም ስኳር ውሃ አጠጡት።

ጠዋት ስንጥቁ የነበረበት ቦታ አይለይም ነበር። ሞተሩን ሰቅላ በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት፤ ንቅንቅ አላለም። መዝገቡ ላይ «ሙጫው ጤነኛ ነው» ብላ ጻፈች።

ዶክተር ሶፋኒት ቦርሳዋን ይዛ መጣች፣ እንደ ወትሮው ሽማግሌውን ስለ ጤንነታቸው ጠየቀቻቸው። ጋሽ ሳርካ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሲያሻግሯት ለዚህ ጥያቄ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ ሰጥተዋት አያውቁም። ዛሬ ሞተሩን አላስነሱም። የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የቀኝ ሱሪያቸውን እስከ ጭናቸው ጠቀለሉና ያበጠውን ጉልበታቸውን አሳዩዋት።

«እስቲ ይህን እዪልኝ፣ ዶክተር» አሉ። «ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።»