ሶላሩ ላይ የተሰጣው ነጠላ

ሩሀማ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ መርካቶ፣ ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። እናቷ ኤልሳቤት ለሸማ ተራ ነጋዴዎች ጥልፍ ትጠልፋለች። ያን ጊዜ መብራት የሚመጣው በፈረቃ ነበር። መብራት በሌለበት ማታ እናት የምትሠራው በኩራዝ ነው። የኩራዙ ጭስ ደግሞ ትንሹን ወንድሟን ማሙሸትን ያስለዋል፤ ደረቱ ሲር ሲር ይላል።

ስለዚህ እናት በፀሐይ የሚሞላ አንድ ትንሽ ሶላር ከነባትሪውና ከነአምፖሉ ገዛች። ሻጩም ካልተስማማት እንድትመልሰው ነግሯታል። ጎረቤታቸው እትዬ በለጥሻቸው ግን አልወደዱትም። በክረምት ፀሐይ የለ፣ ባትሪውም ያረጃል፣ ምነው ገንዘብሽን ብትይዢ አሏት። እናት እስቲ ልሞክረው አለች። ሶላሩንም ዝቅ ካለው የኩሽና ጣራ ላይ አስቀምጣ ለሩሀማ አደራ ሰጠቻት፤ ጠዋት ጠዋት አቧራውን እንድትጠርግለት፣ ምንም ነገር እንዳታስቀምጥበት።

ቅዳሜ ዕለት ሩሀማ ለመዝሙር የምትለብሰውን ነጠላ አጠበች። የልብስ ገመዱ ሞልቷል። ቆርቆሮው ዝጓል፤ ነጩን ነጠላ ያበላሽባታል። ሶላሩ ግን ንጹሕ ነው፤ ሞቅም ብሏል። ልጆች፣ እናንተስ ብትሆኑ አያጓጓችሁም ነበር? ለትንሽ ጊዜ ነው ብላ ነጠላዋን አጥፋ ዘረጋችበትና ልትጫወት ሄደች። ጨዋታ ደግሞ ያስረሳል። ስትመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ሆናለች። ነጠላውን ቶሎ አነሳች፤ ማንም አላያትም።

ማታ የእነሱ ሰፈር መብራት የሚጠፋበት ተራ ነበር። እናት በማግስቱ ክርስትና ለሚነሳ ሕፃን የታዘዘ ቀሚስ ይዛ ተቀመጠች። የሶላሩ አምፖል ጥቂት በራና ጠፋ። እናት ባትሪውን ነካካችው፤ አልሆነም። ኩራዙን ለኮሰች።

«እትዬ በለጥሻቸው እውነታቸውን ነው። ሰኞ እመልሰዋለሁ» አለች አዝና።

ሩሀማ ዝም አለች። ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ ሶላሩ አፍ የለው፣ አይከሳት። ማሙሸት ግን ማሳል ጀመረ። ያን ጊዜ ሩሀማ ወደ እናቷ ጠጋ አለች።

«እማዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀኑን ሙሉ ነጠላዬን አስጥቼበት ፀሐይዋን ከልዬበት ነበር።»

እናት መርፌዋን አስቀመጠች። ሩሀማ ቁጣ ስትጠብቅ፣ እናት ሳብ አድርጋ አቀፈቻት።

«አደራዬን ማጉደልሽ አሳዝኖኛል። ዝም ብትዪ ኖሮ ግን በሶላሩ ላይ ያለ ጥፋቱ ልፈርድበት ነበር፤ ወንድምሽም ከጭሱ ጋር ሊቀር ነበር።»

ቀሚሱ ግን ማለቅ ነበረበት። እናት ዓይኗ እያነባ በኩራዝ ጠለፈች። ሩሀማም ጭሱ እንዳይደርሰው ማሙሸትን አዝላ በረንዳ ላይ ቆየች፤ ጀርባዋ ደከመ፣ አላማረረችም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሶላሩን በደንብ ጠረገችው። ማታ መብራት ባይኖርም ቤቱ በሶላሩ አምፖል ቦግ አለ። እናት ሶላሩን ላለመመለስ ወሰነች፤ ለክረምቱና ለባትሪው ከአሁኑ እንደምታስብበት ነገረቻቸው። እትዬ በለጥሻቸውም ምስራቸውን በሰፌድ ይዘው ሊለቅሙ መጡ። «ክረምት ሲገባ እንተያያለን» አሉ፤ ምስራቸው ተለቅሞ እስኪያልቅ ግን ከአምፖሉ ሥር አልተነሡም።

ልጆች፣ ስናጠፋ እውነቱን ቶሎ እንናገር፤ የእኛ ዝምታ ሌላውን ሰው በተሳሳተ ሚዛን እንዲመዝን ያደርገዋልና።