ለትንሽ እጅ የተመረጠች ሽጉጥ

መምህር ምንይሉ በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል በጀርባው ወድቋል። ወንበሩ ተገልብጧል። ሲያርመው የነበረው የተማሪ ደብተር ግን ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነው፤ የመጨረሻው እርማት ግማሹ ተጽፎ ቀርቷል። ደረቱ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። ከእግሩ ሥር አንዲት ትንሽ ሽጉጥ ተጥላለች።

ኢንስፔክተር የትናየት ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያ ግቢ ስትደርስ መንገድ የለቀቀላት አልነበረም። በሩን ይዘው ከቆሙት ሽማግሌዎች አንዱ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ «ወንድ ጠፍቶ ነው ይችን የላኩብን?» አለ።

እሷም በዚያው በኽምጣንጋ፣ ድምጿን ሳታነሣ፣ «ወንዶቹ ሥራ በዝቶባቸዋል አባቴ፤ በሩን ይልቀቁልኝ» አለችው። ሽማግሌው ለቀቀ።

ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ከበሩ ሥር የተተኮሰ ጥይት ቀለህ አገኘች። ከአግዳሚው ሥር ደግሞ ሌላ ጥይት ነበር፤ ይሄኛው ሙሉ ነው፣ አልተተኮሰም። ቂጡን ወደ ብርሃን ስታዞረው መሐሉ ተወግቷል። ሽጉጧን በመሐረብ አነሣቻት። እጀታዋ በጨርቅ ተወልውሏል፤ ከኋላ፣ ከላይኛው ብረት ጠርዝ ሥር ግን ፀጉር የምታክል የደረቀ ደም ቀርታለች።

ከጎረቤት የወፍጮው ሞተር አሁንም ይጮኻል። እዚህ ቤት መድፍ ቢተኮስ የሚሰማ የለም።

ዓርብ ዕለት ሟቹ ራሱ ደውሎላት ነበር። «ሰኞ ጠዋት ቢሮዎ እመጣለሁ፤ የልጆቹ ጉዳይ ነው፤ በስልክ አይሆንም» ብሏት ነበር። የየትኞቹ ልጆች እንደሆነ አልነገራትም።

የሟች ታላቅ ወንድም ካሤ ግቢው መሐል ቆሞ ጠበቃት።

«ምኑን ትመረምሪያለሽ? ሽጉጡ የሚስቱ ነው። ቤት ውስጥ የነበረችው እሷ ነች። ካቴናሽን አውጪና ውሰጃት!»

«ሽጉጡን የመረጠው ማነው አቶ ካሤ?»

«እኔ ነኝ! ከምንይሉ ጋር ይዘናት መሣሪያ ጠጋኙ ጋሽ ጓንጉል ዘንድ ሄድን። ሽማግሌው ትልቁን ሊያሸክማት ነበር። እጇን አይተሻል? የልጅ እጅ ነው። ለትንሽ እጅ ትንሿ ትበቃለች አልኩ፤ ምንይሉም እሺ አለ። በገዛ እጄ መረጥኩለት!» ደረቱን በሁለት መዳፉ መታ።

«እሷስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? እኛ እየመረጥን!»

«ባሏን ለምን ትገድለዋለች?»

«ሊፈታት ነበራ! ወንዳወቅ፣ የወፍጮው ባለቤት፣ ከራሱ ከምንይሉ አፍ ሰምቷል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ። እስከ ሰልስቱ ድረስ ሕግ ካልያዛት፣ ወንድሟ ባንተአምላክ አምደወርቅ ከተማ አለ። የወንድሜን ደም ከሱ እቀበላለሁ። ልጆቼን ነግሬያቸዋለሁ።»

ሰላማዊት ጓዳ ውስጥ፣ እህል ማስቀመጫው ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። አዋላጅ ነርስ ናት። በሰቆጣ ዙሪያ ምጥ የጠናባቸው እናቶች የሚያወድሷቸው ትንንሽ እጆቿ ጭኗ ላይ ተጣጥፈዋል። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«አላለቀሰችም እያሉሽ ነው» አለቻት የትናየት።

«በነፍሰ ገዳይ ዓይን እያዩኝ እንዴት ላልቅስ? እርስዎም ያው እንደነሱ ነዎት። ይውሰዱኝና ይለቅልኝ።»

«አንቺ ስትያዢ ወንድምሽ እንዲተርፍ ነው?»

ሰላማዊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ከዚያ በአጭር በአጭሩ መለሰች። ከቤቱ ጀርባ ልብስ ስታጥብ ነበር፤ የሰማችው ወፍጮውን ብቻ ነው። ሽጉጡ የተገዛው ጣራቸው ላይ ሁለት ወር ሙሉ ድንጋይ ስለተወረወረ ነው። ባሏ ምክንያቱን ሲጠየቅ «የተማሪዎቼ ጉዳይ ነው» ከማለት በቀር አልነገራትም።

«ተኩሰሽባት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«አቀባብለሻትስ?»

ሰላማዊት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «እሱን ጋሽ ጓንጉልን ይጠይቁ። ወንዶቹ ፊት ግን አይጠይቁብኝ።»

ወንዳወቅ ከወፍጮ ቤቱ ሲወጣ እስከ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ነበር። ቁመቱ በሩን የሚሞላ ሰው ነው። የትናየት እጇን ስትዘረጋ እሱ የእጁን አንጓ ሰጣት።

«ይቅርታ እህቴ፣ ዱቄት ነው። ለሥራ ሰው ሰላምታውም እንዲህ ነው።»

«ሽጉጥ ቤታቸው እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«ምንይሉ ራሱ ከመደርደሪያው አውርዶ አሳይቶኛል፤ ነፍሱን ይማረው። የልጅ መጫወቻ ትመስላለች ብዬ ስቄበታለሁ። ለሚስቱ እጅ ግን ልክ ነበረች።» ተነፈሰ። «ስለ ፍቺው ባልናገር በወደድኩ። ካሤ አስጨንቆኝ ነው።»

«ሞተሩን መቼ አስነሡት?»

«ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ አይጠፋም። ሠራተኛዬን ይጠይቁ።» ቀኝ እጁን ባዶ ማዳበሪያ ውስጥ እንደከተተ ተመልሶ ገባ።

በማግሥቱ ከቀብር መልስ የትናየት ጋሽ ጓንጉል ቤት ሄደች። ሽማግሌው ሃምሳ ዓመት ሙሉ የጦር መሣሪያ ሲጠግን የኖረ ነው። ነገሩን ከሰማ በኋላ ሁለት ባዶ ሽጉጦች ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ የሰላማዊትን የሚመስል ትንሽ።

«እስቲ ትንሿን አቀባብያት ልጄ።»

የትናየት የላይኛውን ብረት ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው። ግማሽ መንገድ መጥቶ ቆመ። ደግማ ሳበችው፤ ከጣቷ አምልጦ ተመለሰ። አፈረች።

«አትፈሪ። አጭር ስለሆነች ሞላዋ ጠንካራ ነው። ሰው የሚያየው እጀታዋን ነው፤ ሞላዋን የሚያይ የለም። ትልቁን ሞክሪ።»

ትልቁ እሺ ብሎ መጣላት።

«ካሤን ይሄን ብነግረው ሳቀብኝ። ሰላማዊት ወንዶቹ ፊት ዝም አለች። ከዐሥር ቀን በፊት ብቻዋን፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጣች። 'አልሳብ አለኝ ጋሼ፤ ለባሌ እንዳልነግረው አፈርኩ' አለችኝ። እዚሁ ብዙ ታገለች፤ ጥፍሯ እስኪላጥ። ትልቁን ግን ሳበችው። ፈቃዱ በምንይሉ ስም ነው፣ እንድቀይርልሽ እሱን ይዘሽ ነይ ብዬ ሰደድኳት።»

«ለትልቅ እጅስ ይቺ ትንሿ ትመቻለች?»

ሽማግሌው ሳቀ። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለውን ሥጋ አሳያት፤ ጎን ለጎን የተሰመሩ ሁለት ነጭ ጠባሳዎች አሉ። «በወጣትነቴ ነክሳኛለች። እጅ ትልቅ ከሆነ ሥጋው ከኋላዋ ከፍ ይላል። ስትተኩስ ብረቱ ወደ ኋላ ሲመጣ ይቆርጠዋል። አያያዙን እስክታውቂ ነው።»

ሰኞ ከሟቹ ደብተሮች ሥር ያገኘችውን የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ ይዛ እናቱን ፈለገች። እናትነሽ ትባላለች። ልጇ የምንይሉ ተማሪ ነበር፤ ባሕር ሲሻገር ሞቷል። ሁለቱ ሴቶች ብዙ ተነጋገሩ። የትናየት ስትነሣ፣ «ነገ ለቅሶው ላይ ይሄንኑ ይደግሙልኛል?» አለቻት።

«አንቺ ቆመሽ ከሰማሽኝ እደግመዋለሁ» አለች እናትነሽ።

ማክሰኞ የሰልስቱ ድንኳን ሞልቷል። ሰላማዊት ከሴቶቹ ርቃ ብቻዋን ተቀምጣለች። የካሤ ሁለት ልጆች ግን የሉም። ኮንስታብል በእውቀቱ ወደ የትናየት ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ጠዋት በአምደወርቅ ሚኒባስ ተሳፍረዋል። ለአምደወርቅ ፖሊስ ስደውል መስመሩ አልገባ አለኝ» አለ።

«ደጋግመህ ደውል» አለችው የትናየት። ከድንኳኑ አንድ ጫፍ ጀምራ ወንዶቹን አንድ በአንድ እጅ እየነሣች ጨበጠች። ካሤ ፊቱን አዙሮ እጁን ሰጣት። ጋሽ ጓንጉል በሁለት እጁ ጨበጣት። ወንዳወቅ የእጁን አንጓ ሰጣት። መሐል ላይ ቆመች።

«ደግሞ ልትሰብኪን ነው?» አለ ካሤ።

«አጭር ነው። መምህር ምንይሉ ክፍል ውስጥ ሁለት ነገር ወድቆ ነበር፤ የተተኮሰ ቀለህና ያልተተኮሰ ጥይት። ያልተተኮሰው ቂጡ ተወግቷል። ገዳዩ መጀመሪያ ቃታውን ሳበ፤ ጥይቱ ከሸፈ። ምንይሉ ከወንበሩ ተነሣ። ገዳዩ በዚያች ቅጽበት ሽጉጡን እንደገና አቀባበለ፤ የከሸፈው ወደቀ፤ ሁለተኛው ገደለ።»

«እና?»

«ሰላማዊት ይችን ሽጉጥ ማቀባበል አትችልም።»

«ዛሬማ አልችልም ትላለች!»

«ዛሬ አይደለም ያለችው። ከዐሥር ቀን በፊት፣ ባሏ ሳይሞት፣ ጋሽ ጓንጉል ፊት ነው።» ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ሰላማዊት አቀረቀረች። «እርስዎ ለትንሽ እጅ ትንሽ ሽጉጥ መረጡ አቶ ካሤ። እሷ ግን ልትስባት አልቻለችም፤ እናንተ ፊት አልችልም ማለት አፈረች። እኔም ሞክሬ አቅቶኛል።»

«ወንድሜ አቀባብሎ አስቀምጦላት ቢሆንስ?»

«የመጀመሪያዋን ሊሆን ይችላል። ሁለተኛዋን ግን ሟች ለገዳዩ አያቀባብልም።»

ካሤ ዞሮ ጋሽ ጓንጉልን አየው።

«ስለዚህ ገዳዩ ጉልበት ያለው ሰው ነው» ቀጠለች። «ሽጉጧ የት እንደምትቀመጥ የሚያውቅ፣ ለሰላማዊት ልክ ናት ብሎ የሚያምን፣ እሷን ያሲዝልኛል ብሎ እዚያው የጣላት ሰው። ጋሽ ጓንጉል አይደሉም፤ እንደማትችል ያውቃሉ። ከዚያ ደግሞ ይች ሽጉጥ ትልቅ እጅ ትነክሳለች። እዚህ ላይ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፣ ሁለት መሥመር አድርጋ። እጀታውን የወለወለው ሰው ከብረቱ ሥር የቀረውን የራሱን ደም አላየም። አቶ ካሤ፣ እጅዎ ትልቅ ነው፤ አሁን ስጨብጥዎ ግን ቁስል አልነበረበትም።» ዞረች። «አቶ ወንዳወቅ፣ እርስዎ አንጓዎን ሰጡኝ።»

«ልማድ ነው እህቴ። ዱቄት...»

«ወፍጮው ለለቅሶው ሦስት ቀን ተዘግቷል። ዱቄቱ ከየት መጣ?»

ወንዳወቅ ቀኝ እጁን ወደ ጋቢው ውስጥ ሳበ። ማንም ሳይነግረው ካሤ ተነሥቶ የእጁን አንጓ ያዘና ወደ ብርሃን አወጣው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት የቆሰሉ መሥመሮች ነበሩ።

«ቆርቆሮ ነው! የወፍጮው ቆርቆሮ ቆርጦኝ ነው!»

«ቆርቆሮ ከሆነ ለምን ሦስት ቀን ደበቁት? ደምዎ ከሽጉጡ ደም ጋር ይመረመራል።»

ከሴቶቹ መሐል እናትነሽ ተነሣች። «ልጄን ለደላላ አሳልፎ የሰጠው እሱ ነው። ልጆቹን እወፍጮ ቤቱ አሳድሮ ሌሊት ነው የሚጭናቸው። መምህሩ ሰኞ አብረን ሄደን እንናገራለን ብሎኝ ነበር። እንዳንናገር መጀመሪያ ጣራው ላይ ድንጋይ አስወረወረበት፤ አልፈራ ሲለው ገደለው።»

ወንዳወቅ ካሤን አየው። «ምንይሉ ልጆቹን ሊያስቀርብኝ ነበር... ላክልን ብለው የሚለምኑኝ ራሳቸው ናቸው!» አለ። በእውቀቱ ካቴናውን አጠለቀለት።

ካሤ በሰው ሁሉ ፊት ወደ ሰላማዊት ሄደና እጁን ዘረጋ።

«እህቴ፣ እኔ...»

ሰላማዊት እጁን አላየችውም። «መጀመሪያ ስልክህን አውጣ።»

ካሤ ስልኩን አውጥቶ ለልጁ ደወለ። መስመሩ አልገባም። ደገመው። አልገባም። በሦስተኛው ጠራ፤ ረጅም ጠራ።

«አንተ! የት ናችሁ?... እደጁ?... ተመለሱ! እንዳትነኩት፣ እሷ አይደለችም! እሷ አይደለችም ነው የምልህ! ስጠው፤ ስልኩን ለሱ ስጠው፤ እህቱ ታናግረው።»

ሰላማዊት ስልኩን በሁለት ትንንሽ እጆቿ ይዛ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። «ባንቴ» የሚል ድምፅ ብቻ ወጣላት፤ ከወዲያ የሚመጣውን ድምፅ ቆማ ሰማች። ከዚያ ስልኩን ለካሤ መለሰችለት፤ ነጠላዋን አደገደገች፤ ወደ የትናየትም ዞረች።

«ጨርሰዋል?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ሥፍራ ልቀቁልኝ» አለች። «ባሌን ላልቅስ።»