እጅዎን ያንሱ!

ይሄ ተረት አይደለም። የማያምን አይመን፤ እኔ ግን እዚያው ቆሜ ነበር።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ሁለተኛው የቀዶ ጥገና ክፍል።

ሥራዬ ማደንዘዣ መስጠት ነው። የተኛው ሰው የጉንጩ አጥንት የተሰበረ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሴት ልጁ በር ላይ እጄን ይዛ፣ «እህቴ፣ አደራ... ከአባቴ ሌላ ማንም የለኝም» አለችኝ።

«አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አልኳት። ምን አፌን አስከፈተኝ!

ሐኪሙ አንድ ክፉ አመል አለው። ቢላ ከማንሳቱ በፊት የልብ መቆጣጠሪያውን ድምፅ ያስዘጋል።

«ዝጊልኝ፣ ጆሮዬን በላው።»

ዘጋሁት። እስከ ዛሬ ራሴን የምረግመው በዚህ ነው።

ወደ ውስጥ የገባውን አጥንት በብረት ማንሳት ሲጀምር የልብ ምቱን ቁጥር አየሁ።

ሰባ... አርባ...

የፊት ነርቭ ሲጫኑት ልብ ሊያቆም ይችላል። ይሄን ተማሪ እንኳ ያውቀዋል!

«ዶክተር... እጅዎን ያንሱ።»

«ትንሽ ቀረኝ።»

ሃያ...

«ያንሱ እኮ አልኩ!»

«አትጩኺብኝ!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ደሜ ፈላ። ክንዱን ይዤ ጎተትኩት።

ቁጥሩ ተመለሰ። ሃምሳ... ሰባ።

«ዛሬውኑ ትባረሪያለሽ!» አለኝ ግድግዳው ድረስ አፈግፍጎ። አያፍርም እኮ!

ያኔ ቁጥሩ እንደገና ወረደ።

አርባ... ሃያ...

«ማን ነካው?» አልኩ።

ማንም። መሣሪያ አቀባይዋ በሩ ጋ ናት። ሐኪሙ ሁለት እጁን አንስቶ አሳየኝ።

ለሹፌሩ ልብ የሚያፈጥነውን መድኃኒት ሰጠሁት። ምንም።

ዜሮ።

ጎንበስ ብዬ ፊቱን አየሁ። ጉንጩ ላይ ቆዳው ጎድጉዷል... አውራ ጣት ያህል። እያየሁት ይብስ ይሰምጣል።

ፈራሁ። ግን ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ። ያቺ ልጅ ውጭ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች!

«እጅህን አንሳ!» ብዬ ባዶው አየር ላይ ጮህኩ። «አንሳ አልኩህ!»

ዓይኔን መቆጣጠሪያው ላይ ተከልኩ።

ከዚያ... አስር... ሠላሳ... ስልሳ። ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ሞላ። ሹፌሩ ተረፈ። እፎይ አልኩ።

ከኋላዬ የታፈነ ድምፅ ሰማሁ።

ዞር አልኩ። ሐኪሙ ግድግዳውን ይዞ ወደ መሬት እየተንሸራተተ ነው። ማንም አጠገቡ የለም። ጭምብሉ ግን በአንድ ጉንጩ በኩል ወደ ውስጥ ጎድጉዷል... አውራ ጣት ያህል።

በዓይኑ ለመነኝ።

እኔ... ዝም አልኩ።